የምንወዳቸው ነገር ግን የማንጠራባቸው የሴት ልጆቻችን ስሞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሴት ልጅ በተወለደችበት ቤት ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ባሉት 80 ቀናት ብዙ ስም ይነሣል፤ ብዙ ስምም ይተዋል። አያት አንዱን ታወጣለች፤ አባት ሌላውን ያስባል፤ እናትም በእርግዝናዋ ወራት በልቧ ይዛ የቆየችውን ትናገራለች። ከሚነሡት መካከል ሁሉም የሚወዳቸው፣ ትርጉማቸው ሲነገር «እንዴት ያምራል!» የሚባልላቸው፣ ነገር ግን ማንም ደፍሮ ለልጁ የማያወጣቸው ስሞች አሉ። ከእነዚህ የሚበልጡት ደግሞ በጥምቀት ዕለት በካህኑ አንደበት ለሕፃኗ ተሰጥተው፣ በእልልታ ተቀብለናቸው፣ ከዚያች ዕለት በኋላ ግን በቤትም በደጅም የማናነሣቸው የክርስትና ስሞች ናቸው።

አንድን ስም እየወደድን የማንጠራበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱን ከአክብሮት የተነሣ እንተወዋለን፤ አንዳንዱን ታሪኩ ያስፈራናል፤ ሌላውን ደግሞ ስለምናፍርበት ወይም ስለምንፈራ እንሸሽገዋለን። የመጀመሪያው መልካም ነው፤ ሁለተኛው ማስተዋል ያስፈልገዋል፤ ሦስተኛው ግን ልጆቻችንን የሚጎዳ ነውና ልናርመው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም በየተራ እንመለከታለን።

ስም በቅዱሳት መጻሕፍት

ቅዱሳት መጻሕፍት ለስም የሰጡት ስፍራ ታላቅ ነው። አዳም ሚስቱን ሔዋን ብሎ የጠራት የሕያዋን ሁሉ እናት ስለሆነች ነው (ዘፍ. 3፥20)። እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር ኪዳን ባጸና ጊዜ የሚስቱ ስም ሦራ መባሉ ቀርቶ ሣራ እንዲሆን አዘዘ (ዘፍ. 17፥15)። ቅድስት ኤልሳቤጥ ልጇን በስምንተኛው ቀን ሊገርዙ የመጡት ዘመዶችና ጎረቤቶች በአባቱ ስም ሊጠሩት ሲፈልጉ እርሷ ግን ዮሐንስ እንዲባል ጸናች፤ ካህኑ ዘካርያስም በብራና ጽፎ አጸናላት (ሉቃ. 1፥59-63)።

ጌታችን መልካም እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ አስተምሯል (ዮሐ. 10፥3)። ይህንም በትንሣኤው ማለዳ በተግባር አሳየ። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ ጌታን አይታው ሳለ አላወቀችውም ነበር፤ የአትክልት ጠባቂው መስሏት ነበር። ያወቀችው በስሟ በጠራት ጊዜ ነው (ዮሐ. 20፥15-16)። ስም ተጽፎ የሚቀመጥ ብቻ ሳይሆን የሚጠራ፣ ሲጠራም የሚያቀርብ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሁለት ስም መጠራትም አዲስ ነገር አይደለም። አስቴር ሀደሳ የሚባል ሌላ ስም ነበራት (አስቴር 2፥7)። በኢዮጴ የነበረችው ደግ ሴት ጣቢታም ዶርቃም ትባል ነበር (ሐዋ. 9፥36)። ስለዚህ አንዲት ክርስቲያን ቤተሰቧ ያወጣላት የመጠሪያ ስምና በጥምቀት የተቀበለችው ስመ ክርስትና ያላት መሆኑ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ጥያቄው ሁለተኛው ስም በሕይወት አለ ወይስ ተረስቷል የሚለው ነው።

ከአክብሮት የተነሣ የማንሰጠው ስም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ዘንድ ከሁሉ የሚወደድ የሴት ስም ማን ነው ቢባል መልሱ አያጠያይቅም፤ ማርያም የሚለው የእመቤታችን ስም ነው። እናት በምጥ ጊዜ የምትጠራው፣ ሕፃን ሲያነጥሰው የሚጠራለት፣ ምእመናን ሲደነግጡ ከአፋቸው የሚወጣው ይህ ስም ነው። ሆኖም በሀገራችን በቆየው ልማድ ይህን ስም ብቻውን ለልጁ የሚያወጣ ኦርቶዶክሳዊ እምብዛም አይገኝም። የምንወደው ስም ነው፤ ስለምንወደውም በልጃችን ላይ ብቻውን ልናሳርፈው አንደፍርም።

ይህ ግን በሃይማኖት የተከለከለ ስለሆነ አይደለም። ማርያም የሚለውን ስም የሙሴ እኅት ተጠርታበታለች፤ መግደላዊት ማርያም፣ የአልዓዛር እኅት ማርያም፣ የቀለዮጳ ሚስት ማርያም፣ በንስሓዋ የምትታወቀው ማርያም ግብፃዊትም ተጠርተውበታል። በግብፅና በሶርያ ያሉ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ዛሬም ሴት ልጆቻቸውን ማርያም ብለው ይጠራሉ። የእኛ አባቶችና እናቶች ግን ሌላ የፍቅር መንገድ መረጡ። ስሙን ብቻውን ከመስጠት ይልቅ ልጃቸውን ከስሙ ጋር አዛመዱ፤ «ማርያም ናት» ከማለት «የማርያም ናት» ማለትን ወደዱ።

ከዚህ ልማድ የተገኙት ስሞች እጅግ ያማሩ ናቸው። ወለተ ማርያም የማርያም ልጅ ማለት ነው። አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ ማለት ነው፤ ይህ አመት በአልፍ «አ» ሲጻፍ ሴት አገልጋይ፣ በዐይኑ «ዓ» ሲጻፍ ግን የዘመን መለኪያ ነውና በጽሕፈት ጊዜ መጠንቀቅ ይገባል። ፍቅርተ ማርያም በማርያም የተወደደች፣ እኅተ ማርያም የማርያም እኅት፣ ጽጌ ማርያም የማርያም አበባ፣ አስካለ ማርያም የማርያም የወይን ዘለላ፣ ሥርጉተ ማርያም በማርያም ያጌጠች ማለት ነው። አንድ ስም ብቻውን ከመሰጠት በመከልከሉ የአበባ፣ የዘለላ፣ የጌጥ ስሞች ሁሉ በቅለውበታል። እንዲህ ያለው አክብሮት የሚመሰገን ነው።

ታሪኩ የሚያስፈራን ስም

ሁለተኛው ወገን ድምፁ ደስ የሚያሰኝ፣ የተሸከመው ታሪክ ግን ወላጅን የሚያስፈራ ስም ነው። በነቢዩ ሆሴዕ መጽሐፍ ሎሩሃማ የተባለች ሕፃን እናገኛለን፤ ምሕረት ያላገኘች ማለት ነው (ሆሴ. 1፥6)። ይህን ስም ለልጁ የሚያወጣ ወላጅ አይኖርም። ነገር ግን እግዚአብሔር ቍጣውን በምሕረት በመለሰ ጊዜ ስሟም ሩሃማ ሆነ፤ ምሕረት ያገኘች ማለት ነው (ሆሴ. 2፥1)። ዛሬ ብዙ እናቶች በደስታ የሚያወጡት ይህ ስም ከዚያ አስፈሪ ስም ውስጥ የወጣ መሆኑን ማወቅ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ብዙ ያስተምራል።

ኤልዛቤልም እንዲሁ ለጆሮ ከኤልሳቤጥ ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን የናቡቴን ደም ያስፈሰሰችውን ንግሥት ስለሚያስታውስ (1ኛ ነገ. 21) ክርስቲያኖች አይጠሩበትም፤ ባይጠሩበትም ተገቢ ነው። ልጅን ለመልካም አርአያ እንጂ ለክፉ መታሰቢያ መሰየም አይገባምና።

አንዳንድ ጊዜ ግን ፍርሃታችን ባልተጣራ ወሬ ላይ ይመሠረታል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ሰሎሜ የሚለው ስም ነው። የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ ያስቈረጠችው ዘፋኝ ስም ነው በማለት የሚሸሹት አሉ። ወንጌላውያኑ ማቴዎስና ማርቆስ ግን ያቺን ብላቴና የሄሮድያዳ ልጅ ከማለት በቀር ስሟን አልጻፉም (ማቴ. 14፥6፤ ማር. 6፥22)። የሄሮድያዳን ልጅ ሰሎሜ ብሎ የጻፈው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ነው። በወንጌል በስሟ የተጠራችው ሰሎሜ ሌላ ናት፤ በጌታ መስቀል አጠገብ ከነበሩት፣ በትንሣኤውም ማለዳ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ ከሄዱት ቅዱሳት አንስት አንዷ ናት (ማር. 15፥40፤ 16፥1)። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትም እመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ ከአረጋዊ ዮሴፍ ጋር አብራ የተሰደደችው ሰሎሜ በታላቅ ፍቅር ትዘከራለች፤ በሥዕለ ስደቱም ላይ እናያታለን። ስለዚህ ይህን ስም የወደደ ወላጅ ሊሸሸው የሚያበቃ ምክንያት የለም።

ከዚህም ጋር የኀዘን ስም አለ። ልጇን በሞት ያጣች እናት በኋላ የተወለደችውን በዚያው ስም ልትጠራ አቅም ያጥራት ይሆናል፤ ስሙን እየወደደችው ከአፏ አይወጣላትም። ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ባጣች ጊዜ የራሷን ስም እንኳ መስማት ከብዷት ማራ በሉኝ ብላ ነበር (ሩት 1፥20)። መጽሐፍ ግን ከዚያም በኋላ ኑኃሚን ብሎ መጥራቱን አልተወም፤ በመጨረሻም የሩትን ልጅ ታቅፋ እናያታለን። እንዲህ ያለችውን እናት ማጽናናት እንጂ ማስገደድ አይገባም።

በ80ኛው ቀን የሚሰጠው ስም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ይህም ኦሪት ስለ ወላድ የመንጻት ወራት የወሰነችው ቍጥር ነው፤ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ቀን ነውና (ዘሌ. 12)። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል (ኩፋ. 3)። ስለዚህ ሕፃኗ በ80ኛው ቀን ወደ ጥምቀት ስትቀርብ የተዘጋችው ገነት ዳግመኛ እንደምትከፈትላት እናምናለን።

በዚያች ዕለት ካህኑ በመጽሐፈ ክርስትና እንደታዘዘው ጸሎቱን አድርሶ ያጠምቃታል፤ ቅብዐ ሜሮን ትቀባለች፤ ማዕተብ በአንገቷ ይታሰራል፤ ሥጋውን ደሙን ትቀበላለች። ስመ ክርስትናዋንም የምትቀበለው በዚያው ዕለት ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ከተወለደችበት ወይም ከተጠመቀችበት ዕለት መታሰቢያ ጋር ይያያዛል፤ በ7 ከሆነ ወለተ ሥላሴ፣ በ12 ወለተ ሚካኤል፣ በ16 ወለተ ኪዳን፣ በ21 ወለተ ማርያም፣ በ23 ወለተ ጊዮርጊስ ልትባል ትችላለች።

ወለት በግእዝ ሴት ልጅ ማለት ሲሆን ወለተ የሚለው ከሚከተለው ስም ጋር የሚናበብ ቃል ነው። ስለዚህ «ወለተ» ብቻ ብሎ ማቆም «የ… ልጅ» ብሎ የማንን ሳይናገሩ እንደመተው ነው። ፍቅርተ፣ አመተ፣ አስካለ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ስሙን ስንቈርጠው የሚወድቀው ክፍል ልጅቱ የተሰጠችበት ቅዱስ ስም ነው።

የሴት ልጅ ስመ ክርስትና በሴት ቅዱሳን ስም ብቻ የሚወሰን አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ተዋሕዶ ሃይማኖት የተጋደለችው ቅድስት እናታችን ወለተ ጴጥሮስ የሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስ ልጅ ተብላ ነው የምትጠራው፤ በስሟ የተጠራው ገዳም ዛሬም በጣና ሐይቅ ዳር በቋራጣ ይገኛል። የሌላዋ ታላቅ እናት የክርስቶስ ሠምራ ስምም ክርስቶስ የወደዳት ማለት ነው።

የሀገራችን እቴጌዎችም ስመ ክርስትናቸውን አልጣሉም። እቴጌ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፣ እቴጌ መነንም ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ሕዝቡ የሚጠራቸው በሌላ ስም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ፊት የሚቆሙበት ስም ግን የታወቀና የተመዘገበ ነበር።

ታዲያ ለምን ተሸሸገ?

የመጀመሪያው ምክንያት እፍረት ነው። ወለተ፣ አመተ፣ ፍቅርተ የሚሉት ስሞች «የድሮ ሰው ስም» ተብለው ይናቃሉ። ሴት አያት ስትጠራበት ክብር የነበረው ስም ለልጅ ልጅ ሲሆን ያስቃል። ይህ የሚሆነው ስሙ ስላረጀ ሳይሆን ትርጉሙ ስላልተነገረ ነው። አስካለ ማርያም ማለት የማርያም የወይን ዘለላ ማለት መሆኑን የሰማች ልጅ በስሟ አታፍርም።

ሁለተኛው ምክንያት ኑሮ ነው። የትምህርት ቤት፣ የቀበሌና የፓስፖርት መዝገብ የሚያውቀው የመጠሪያ ስሟን ብቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወላጆች ደግሞ የጸ፣ የጠና የቀ ድምፅ ለመምህራንና ለጎረቤት ስለሚከብድ ጽጌ ማርያም የሚለውን እየወደዱ ለመጥሪያ አጭርና ቀላል ስም ይመርጣሉ። ይህ ሊነቀፍ አይገባም። ነገር ግን ለባዕድ ምላስ የከበደው ስም በቤታችን ውስጥ ለእኛ ሊከብደን አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ምክንያት ፍርሃት ነው። «ስመ ክርስትናዋ ከታወቀ መተተኛ ይሠራባታል» በማለት የልጃቸውን ስም እንደ ምስጢር የሚደብቁ፣ አልፎ አልፎም ለልጅቱ ለራሷ የማይነግሩ ወላጆች አሉ። ጠንቋዮች የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር እየቈጠሩ ዕድል እንነግራለን ስለሚሉ ፍርሃቱ ሥር ሰድዷል። እንዲህ ያለውን አስማት ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ታወግዛለች። እናስተውል፤ ያ ስም የተሰጠው ሰይጣን በተካደበት፣ ሕፃኗ በሜሮን በታተመችበት ሥርዓት ነው። ለጥበቃዋ የተሰጣትን ስም እንደ አደጋዋ መቍጠር የጥምቀትን ኃይል መዘንጋት ነው። ስሟን ለማንም ጠያቂ በየመንገዱ እንንገር ማለታችን ግን አይደለም፤ ለእርሷ፣ ለቤተሰቧና ለካህናት መሸሸግ አይገባም ማለታችን ነው።

መርሳቱ የሚያስከትለው

ስመ ክርስትና የሚያስፈልገው መቼ ነው? ልጅቱ አድጋ ለንስሓ ስትቀርብ፣ ታማ ጸሎት ሲደረግላት፣ በሥርዓተ ተክሊል ስትሞሸር፣ ልጅ ወልዳ እርሷም በተራዋ ስታስጠምቅ ነው። ካህኑ «ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?» ሲላት ዝም የምትል፣ ስልክ አንሥታ እናቷን የምትጠይቅ ወጣት ጥቂት አይደለችም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በዕረፍት ጊዜ የሚሆነው ነው። ፍትሐት ሊደረስ ካህናት ተሰብስበው ስሟ ሲጠየቅ በለቅሶ የደከመ ቤተሰብ እርስ በርሱ ይተያያል። የሚያውቁት እናቷ ቀድመው አርፈዋል፤ የክርስትና እናቷ የት እንዳሉ አይታወቅም። በዚያች ሰዓት የሚፈለገው የምንወደው ግን ያልተጠራንበት ያ ስም ነው።

እግዚአብሔር የእያንዳንዱን ልጁን ስም ያውቃል፤ ስም በመረሳቱ ነፍስ ከፊቱ አትጠፋም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በየስማቸው እየጠራች የምትጸልይ እናት ናትና በጸሎቷ ውስጥ በስማችን መገኘት ትልቅ ስጦታ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስሙን ከነትርጉሙ እንጻፈው። የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን በጥንቃቄ እናስቀምጥ፤ በቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጠኛ ገጽም የልጆቻችንን ስመ ክርስትና፣ የተጠመቁበትን ቀንና አጥቢያ፣ የክርስትና እናታቸውንና አባታቸውን ስም እንመዝግብ።

ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ እንጥራበት። ቀኑን ሙሉ ባይሆን እንኳ ለማታ ጸሎት ስንቆም፣ ማዕድ ስንባርክ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ልጃችንን በስመ ክርስትናዋ መጥራት ከባድ አይደለም። ስሙን በጸሎት ሰዓት እየሰማች ያደገች ልጅ ከጸሎት ለይታ አታየውም።

ሦስተኛ፣ የስሟን ዕለት እናክብርላት። ወለተ ሚካኤል የተባለች ልጅ ወር በገባ በ12 ሻማ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ብትሳለም፣ የመልአኩ ተራዳኢነት ቢነገራት፣ በስሟም ለነዳያን ምጽዋት ብትሰጥ ስሟ ከወረቀት ወደ ሕይወት ይወጣል።

አራተኛ፣ የክርስትና እናት ኃላፊነቷን ታስታውስ። አበልጅነት በጥምቀት ዕለት ሕፃን አቅፎ በመቆም አያልቅም። ስሟን የምታውቅ፣ የምታስታውስ፣ ትርጉሙን የምትነግር ሁለተኛዋ እናት እርሷ ናት።

አምስተኛ፣ ስመ ክርስትናዋን የረሳች ወይም ያልተነገራት እኅት አትደናገጥ። ጥምቀት አንዲት ናትና ስም ስለጠፋ አትደገምም። ወላጆቿንና የክርስትና እናቷን ትጠይቅ፤ የተጠመቀችበትን አጥቢያ መዝገብ ታስፈልግ፤ ይህ ሁሉ ካልተገኘ ጉዳዩን ለንስሓ አባቷ ታቅርብ፤ እርሳቸውም በሥርዓቱ መሠረት ይመሯታል።

ስድስተኛ፣ የመጠሪያ ስም ስናወጣም እናስብበት። ትርጉሙን የማናውቀውን ስም ለድምፁ ብቻ ብለን ከምናወጣ ምስጋናችንን ወይም ተስፋችንን የሚናገር፣ ከስመ ክርስትናዋም ጋር የሚስማማ ስም ብንመርጥ ሁለቱ ስሞች ለአንድ ሕይወት ይመሰክራሉ።

ስንጠቀልለው፣ የእመቤታችንን ስም ብቻውን ለልጆቻችን አለማውጣታችን ከፍቅር የመጣ ነውና ይጽና። ታሪኩን የምንፈራውን ስም ደግሞ መጽሐፍ ገልጠን እንመርምረው። በጥምቀት የተሰጠውን ስም ግን እንወደዋለን እያልን አንቅበረው። እናት ልጇን ወለተ ማርያም ብላ በጠራቻት ቍጥር ለእርሷ የምትነግራት የማን ልጅ እንደሆነች ነው፤ ዛሬ በእኛ አንደበት ያልሰማችውን ነገ በማን አንደበት ትሰማዋለች?

የልጆቻችንን ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከእነርሱ ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።